ዐሥራ አራት ክኒን

ሰብሪና ታጁ መቁጠር የለመደች ሴት ናት። ሰው ሲያነጋግራት ፊቱን ብቻ አታይም፤ ጥፍሩን፣ የጫማውን ማሰሪያ፣ ቀበቶው ስንተኛው ቀዳዳ ላይ እንደተቆለፈ ታያለች። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ሆስፒታል፣ በወጣቶች የአእምሮ ጤና ክፍል፣ ነርስ ሆና ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። በዘጠኙ ዓመት ውስጥ "እንዴት ነህ?" ተብሎ "ደህና ነኝ" ያላለ ወጣት አላጋጠማትም። ስለዚህ መልሱን ትሰማለች፤ የምታምነው ግን ቀበቶውን ነው።

ጥር ሃያ ስምንት ሐሙስ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከክፍሏ ወጥታ ኮሪደሩን ተሻገረች። ከማዶ ያለው የአዋቂዎች ክፍል ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ታካሚ ሁሉ ካርዱን ይዞ ወደዚያ ይሻገራል። ከበር እስከ በር ዐሥራ አንድ እርምጃ ነው። እሷ በያዘችው ቁጥር ግን ከአራት ልጆች አንዱ ያቺን ዐሥራ አንድ እርምጃ ሳይጨርስ ይቀራል፤ ቀጠሮው ይደርሳል፣ ልጁ አይደርስም።

መዝገቡን ገለጠች። ሰኞ፣ ጥር ሃያ አምስት፣ አራተኛው መስመር፤ ዲያቆን ዘርአ ዳዊት ሠረቀብርሃን፣ ከአንኮበር። ፊርማው ቦታ ላይ ምንም የለም።

የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ለተጊዮርጊስ ነገሩን አቅልላ ነበር የያዘችው። እንደ ደንቡ ደውላለች፤ አባቱ አንሥተዋል፤ ልጁ ድኗልና አይመጣም ብለዋል። እሷም "ተሽሎታል" ብላ ጽፋ ካርዱን ወደ መደርደሪያው መልሳዋለች።

"ራሱን አነጋገርሽው?" አለች ሰብሪና።

"ስልኩ የአባቱ ነው እንጂ የሱ አይደለም። የጻፍሽልኝ እሱን ነው" አለች ለተጊዮርጊስ፣ ወረቀቱን እያዞረችላት።

እውነቷን ነው። በማሸጋገሪያው ቅጽ ላይ "የታካሚው ስልክ" በሚለው መስመር፣ በሰብሪና በራሷ እጅ ጽሑፍ፣ የመሪጌታ ሠረቀብርሃን ቁጥር ሰፍሯል። ልጁ መጀመሪያ ሲመጣ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። ያኔ የሚፈርሙት አባቱ፣ ቀጠሮ የሚይዙት አባቱ፣ ሲደወል የሚያነሡትም አባቱ ነበሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ የለመደው እጇ በመጨረሻው ቀንም ያንኑ ቁጥር ጻፈ። ልጁ የራሱ ስልክ ከያዘ ዓመት አልፎታል፤ ስልኩን በዓይኗ አይታለች፤ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ ጥቁር ነው። አይታ ሳለ አልጠየቀችም።

ወዲያው ማስላት ጀመረች። ጥር አንድ ቀን ሠላሳ ክኒን ተሰጥቶታል፤ ማታ ማታ አንድ። አስተካክሎ ከወሰደ ዛሬ ሦስት ፍሬ ይቀረዋል፣ ቅዳሜ ማታ ያልቃል። አስተካክሎ ካልወሰደ ግን ያለፈው ሰኔ አለ። በሰኔ በገዛ እጁ አቋርጦ፣ በሦስተኛው ሳምንት ከቤት ጠፋ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ከቤታቸው አጠገብ ባለው ገደል አፋፍ ላይ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ቁልቁል እያየ ተቀምጦ ነበር የተገኘው። ሕመሙ ከባድ ድባቴ ነው። ያኔ ሰው ደረሰለት። ሰው ሁልጊዜ አይደርስም።

አንኮበር ሄዳ ልጁን ልታይ እንደሆነ ስትነግራቸው፣ የአዋቂዎቹ ክፍል ሐኪም ዶክተር ገብረአብ መኪና እንደሌለ ነገሯት፤ እሷም መኪና አልጠየቀችም። ሂጂ፣ ግን ልጁ አሁን በሕግ አዋቂ ነው፤ ያለ እሱ ፈቃድ ስለ ሕመሙ ለአባቱም ቢሆን አንዲት ቃል አይነገርም አሏት። ከዚህ የምትወጣው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ። ይህን እሷም ታውቀዋለች። ቢሆንም ከሰው አፍ መስማቷ ደግ ሆነላት።

የአንኮበሩ ሚኒባስ እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ጎረቤላ አምስት ሰዓት ሲሆን ወረደች። ረዳቱ የመጨረሻው መኪና ዐሥር ሰዓት ላይ እንደሚመለስ ነገራት። ከዚያ በባጃጅ እስከ መገንጠያው፣ ከመገንጠያው በእግር ግማሽ ሰዓት። መንገዱ ባዕድ አይደለም። አባቷ ታጁ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ በርበሬና ሎሚ ጭኖ ወደ ደጋ ሲወጣ በልጅነቷ ስንቴ ተከትላዋለች። በግራ በኩል መሬቱ ድንገት ያልቅና ቆላው ከሥር በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። ያን ቀን ወደዚያ ማየት አልፈለገችም።

የመሪጌታ ግቢ እንደ ወትሮው አልነበረም። ደጁ ተጠርጓል፤ አጥሩ ላይ የተገፈፈ የበግ ቆዳ ተሰጥቷል፤ ገና አልደረቀም። ሐሙስ ነው፣ ፆም የለም፤ የወሩ አማኑኤል በመሆኑም ሞፈር የያዘ ሰው በመንገድ አላየችም። እንግዳ ይጠበቃል ማለት ነው።

መሪጌታ ሠረቀብርሃን አዲስ ጋቢ ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። ሲያዩዋት መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ሳያልቅ ቆመ። ወደ አጥሩ ጥግ ወስደው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ማግባት አለበት፤ ከተቀበለ በኋላ ማግባት የለም። ለዘርአ ዳዊት የመዘዞ ቄስ ልጅ፣ ወለተ ሥላሴ፣ ታስባለታለች። የዛሬ ዐሥራ አንድ ቀን፣ እሑድ፣ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። ዛሬ ደግሞ የልጅቷ አጎት ቄስ ገብረአማኑኤል ቤቱንና ልጁን አይተው ዐቢይ ፆም ሳይገባ ቃል ሊቆርጡ ይመጣሉ።

"ልጄ፣ ዛሬ ባትመጪ ይሻል ነበር" አሉ። "ልጁ ድኛለሁ ብሎኛል። ሴትዮዋ ስትደውል እኔም የነገረኝን ነው የነገርኳት።"

"ራሱን አይቼው ልሂድ፣ መሪጌታ።"

"ለእኔ ንገሪኝ፤ እንደ ድሮው እኔና አንቺ እንጨርሰው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም።"

"ሚስት ለማግባት የደረሰ ሰው" አለች ሰብሪና፣ "ለመድኃኒቱ ሲሆን ልጅ ነው?"

መሪጌታ ሳቅ ሊሉ ብለው ተዉት። በእጃቸው የቤቱን ጀርባ አሳዩአት። እንግዶቹ ሲመጡ ግን ዓይን ውስጥ እንዳትገባ ለመኗት።

ዘርአ ዳዊት ከገለባው ክምር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዳዊት የሚደግም ይመስላል። ሰብሪና ዐሥር እርምጃ ያህል ርቃ ቆመች። አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ ተነብቦ የሚያልቅበትን ያህል ጠበቀች። ገጹ አልተገለበጠም፤ ከንፈሩም አልተንቀሳቀሰም። ቀበቶው ጥር አንድ ቀን ከነበረበት ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቷል።

"ሲስተር" አለ ቀና ብሎ፤ አልደነገጠም። "ደህና ነኝ።"

"ሰማሁ። ክኒኑ የት ነው?"

ከዳዊቱ የቆዳ ማኅደር ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። መዳፏ ላይ አፍስሳ ቆጠረች። ሦስት አይደለም፤ ዐሥራ አራት ነው። ከሠላሳው ዐሥራ ስድስቱ ተወስዷል፤ ከጥር ዐሥራ ሰባት ማታ ጀምሮ አልተወሰደም። ጥር ዐሥራ ሰባት እሑድ ነበር፤ ሽማግሌ የተላከበት እሑድ።

"አባትህ ናቸው አትውሰድ ያሉህ?"

"አባቴ አያውቅም።"

በመንገዱ ሁሉ በልቧ ስትከስ የመጣችው መሪጌታን ነበር።

ዘርአ ዳዊት ነገሩን ያስረዳት ትምህርቱን ለመምህሩ እንደሚያሰማ ተማሪ፣ ቀስ ብሎ፣ በቅደም ተከተል ነው። የልጅቷ ወገን ዘር ይጠይቃል፣ ሙያ ይጠይቃል፣ ጤና ይጠይቃል። ጤናውን ሲጠይቁ ቄሱ መስቀል ያወጣሉ፤ መስቀል ይዞ ለሚጠይቅ ዲያቆን አይዋሽም። ስለዚህ አንድ መንገድ አገኘ።

"መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ ቢሉኝ አልወስድም እላለሁ። ካልወሰድኩ እውነት ነው። የምለው ውሸት የለም ማለት ነው" አለ። "እንዳልዋሽ ብዬ ነው የተውኩት፣ ሲስተር።"

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ መድኃኒት የተቋረጠበትን ምክንያት ብዙ ሰምታለች፤ ያወፍረኛል ያለ አለ፣ ያስተኛኛል ያለ አለ፣ ጠበል ገብቻለሁ ያለም አለ። ሐሰት ላለመናገር ብሎ ያቆመ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ልትቆጣው ፈለገች፤ በየት በኩል እንደምትቆጣው ግን አላወቀችም።

አጠገቡ ቁጭ አለችና ሁልጊዜ የምትጠይቀውን፣ ሁልጊዜም አፏ ላይ የሚከብዳትን ጥያቄ ሳትሸፋፍን ጠየቀችው።

"መሞት ታስባለህ?"

ገጹን ዘጋው። "ይመጣል፣ ይሄዳል። ከትናንት ወዲህ ግን መጥቶ አልሄደም።"

"ዛሬ ያሰብከው ነገር አለ?"

"እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ..." አለና በዓይኑ ወደ አፋፉ አመለከተ። "እሺ ቢሉም፣ እንቢ ቢሉም። እሺ ካሉ አንዲት ልጅ አታልዬ ነው። እንቢ ካሉ አባቴን አዋርጄ ነው።"

ከቤቱ እስከ አፋፉ፣ በዓይኗ ልክ፣ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ሰብሪና ደንቡን ነገረችው። ሕመምህ የራስህ ነው፤ ካልፈቀድክ ለማንም አልናገርም። ይህን አሁን ያልከኝን ግን ደብቄ አልሄድም። ዛሬ ብቻህን አትቀርም፤ ዶክተሩም ዛሬ ያዩሃል። ከቤተሰብህም አንድ ሰው ሳያውቀው ከዚህ ግቢ አልወጣም። ለማን፣ መቼ፣ በምን ቃል የሚለውን አንተ ትመርጣለህ፤ አልችልም ካልክ እኔ እናገራለሁ።

"እንግዶቹ ሳሉ?"

"ከዐሥር ሰዓት በፊት። መኪናው በዐሥር ሰዓት ነው።"

ሰዓቷን አየች፤ ስድስት ከሃያ። በዚያው ቅጽበት የውሻ ጩኸትና የመሪጌታ የእንኳን ደህና መጣችሁ ድምፅ ከወደ በሩ ተሰማ።

ዓይን ውስጥ እንዳትገባ ተለምና ነበር፤ ሆኖም ዘርአ ዳዊት ወደ ቤት ሲገባ ተከትላው ገባች። ከዓይኗ እንዲርቅ አልፈለገችም። በበሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀመጠች። የዘርአ ዳዊት እናት አንድ ነገር ገባቸው መሰል፣ ምንም ሳይጠይቁ የእስላም ልጅ ናት ብለው ለብቻዋ ቆሎ በሳህን አቀረቡላት።

ቄስ ገብረአማኑኤል ከአንድ ዘመዳቸው ጋር ከፍ ያለው ቦታ ላይ ተቀምጠዋል፤ አጭር፣ ዓይናቸው ፈጣን የሆነ ሰው ናቸው። ጠላው ቀርቦላቸው ገና አልቀመሱትም። ቤቱን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ ከዚያ ሰብሪናን አዩ።

"ይቺ የታጁ ልጅ አይደለችም?" አሉ። "ሎሚ ከአባትሽ ነው የምንገዛው። ደብረ ብርሃን ሐኪም ሆናለች ሲሉ ሰምቼ ነበር። ምን እግር ጣለሽ?"

ሰብሪና አፏን ከመክፈቷ በፊት መሪጌታ ቀደሙ። "አባቷ ልኳት ነው። የበርበሬ ነገር ነበረን።"

ዓይኖች ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። አዎ ብትል ዋሸች፤ አይደለም ብትል የልጁን ገመና ገለጠች። ከቆሎው አንዲት ፍሬ አንሥታ በጣቶቿ ይዛ ዝም አለች። ቄስ ገብረአማኑኤል ዝምታውን ታዘቡት፤ ምንም አላሉም።

ጥያቄው ተጀመረ። ዘሩ እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ። ሙያው ተጠየቀ፤ ዘርአ ዳዊት ቅዳሴውን፣ ዜማውን፣ የተማረባቸውን ደብሮች በአጭሩ መለሰ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ሰብሪና ግን ደረቱን ትቆጥር ነበር፤ በደቂቃ ሃያ ስምንት ጊዜ ይተነፍሳል፣ እንደ ሮጠ ሰው።

ቄሱ ከቀሚሳቸው ኪስ የእጅ መስቀላቸውን አወጡ።

"እንግዲህ የመጨረሻው፣ ልጄ። ጤናህስ? መድኃኒት የምትወስድበት ሕመም አለብህ?"

"መድኃኒት አልወስድም" አለ ዘርአ ዳዊት።

መሪጌታ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ቄሱም ደስ ብሏቸው መስቀሉን እንዲሳለም ዘረጉለት። ዘርአ ዳዊት ጎንበስ አለ። ግንባሩ ከመስቀሉ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ፤ ሰብሪና በልቧ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ሰባት ድረስ ቆጠረች። ልጁ ሳይሳለም ቀና አለ።

"አልወስድም፤ ግን መውሰድ ነበረብኝ" አለ። "ሦስት ዓመት ታምሜአለሁ። የልብ ሕመም አይደለም፣ የሳንባ አይደለም፤ የሐሳብ ሕመም ነው። ስወስድ ሰው እሆናለሁ። ለእርስዎ አልወስድም ለማለት ብዬ ነው ዐሥራ አንድ ቀን ያቆምኩት። ይቺም ሴት በርበሬ ይዛ አልመጣችም። እኔን ፍለጋ ነው የመጣችው።"

ከጓዳ በኩል እናቲቱ ድስት የሚያማስሉበት ድምፅ ቆመ። የቄሱ ዘመድ ከንፈሩን መጠጠ። መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት።

ቄስ ገብረአማኑኤል ወደ ሰብሪና ዞሩ። "እውነት ነው?"

"የራሱን ነገር ከራሱ አፍ ሰምተዋል፣ አባ። አልጨምርበትም፣ አልቀንስለትም።"

ቄሱ መስቀሉን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሲናገሩ ድምፃቸው ቁጣም፣ ርኅራኄም የለበትም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ ሰምተናል" አሉ። "ሽማግሌ ስትልኩ ብትነግሩን በወደድኩ፣ መሪጌታ። ከእርስዎ የሰማሁት በርበሬ ነው።" ከዚያ ለልጁ፤ "እኔ ቃል አልቆርጥም። የሰማሁትን ሳልጨምር ለወለተ ሥላሴ እነግራታለሁ። እሷም ዐሥራ ስምንት ሞልቷታል። እሺም እንቢም የምትል እሷ ናት።"

ተነሡ። ጠላው እንደ ሞላ ቀረ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ተመልሰው መስቀሉን ሳይናገሩ ዘረጉለት። ዘርአ ዳዊት ግንባሩን አስነካ።

እንግዶቹ አጥሩን እንዳለፉ መሪጌታ በሰብሪና ላይ ዞሩ። አዋረድሽን ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ልጃቸው ክንዳቸውን ያዛቸው።

"አባቴ፣ ያልጨረስኩት አንድ ነገር አለ" አለ። በጣቱ አፋፉን አሳያቸው። "ዛሬ ማታ እዚያ ልሄድ ነበር።"

መሪጌታ ጣቱን ተከትለው አዩ። ከዚያ በኋላ ስለ ውርደት አላነሡም። እናቲቱን ዘንጋቸውን እንዲያቀብሏቸው ጠየቁ፤ ዘንጉን ይዘውም ከልጃቸውና ከሰብሪና ጋር ለመንገድ ተነሡ።

ለዶክተር ገብረአብ ከመንገድ ደወለች። ዐሥራ አንድ ቀን የተቋረጠውን በራሷ አላስጀመረችም፤ እሳቸው አይተው ይወስናሉ። ዐሥራ አራቱን ክኒን በራሷ ቦርሳ ያዘች። ዐሥር ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሚኒባሱ ላይ ደረሱ። ልጁን መሐል አስቀመጠችው፤ አባቱ በበሩ በኩል፣ እሷ በመስኮቱ በኩል። በመንገድ ላይ ብርዱ ሲበረታ፣ መሪጌታ የአዲሱን ጋቢ ግማሽ በልጃቸው ትከሻ ላይ ጣሉ።

ሆስፒታሉ ሲደርሱ ለተጊዮርጊስ የካርድ ክፍሉን ልትዘጋ ቁልፍ ይዛ ነበር። ሰብሪና ቅጹን አስወጣቻት፤ "የታካሚው ስልክ" በሚለው መስመር ላይ የራሷን ጽሑፍ በአንድ መስመር ሰረዘች፣ ከጎኑ ፈረመች፣ እስክሪብቶውን ለዘርአ ዳዊት ሰጠችው። ቁጥሩን ቀስ ብሎ ጻፈ። ከሥር ባለው ባዶ ቦታም፣ ማንም ሳይነግረው፣ ስሙን ጽፎ ፈረመ።

ለተጊዮርጊስ ከጠዋቱ ወዲህ ተምራለች። ቁጥሩን እያየች በጠረጴዛው ስልክ ደወለች።

አንድ ስልክ ጮኸ። መሪጌታ እጃቸውን በልማድ ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፤ የሳቸው አልነበረም፤ እጃቸው ባዶውን ተመለሰ። ዘርአ ዳዊት ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈውን ጥቁር ስልክ አውጥቶ ጆሮው ላይ አደረገ፤ ደዋይዋ ከፊቱ፣ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ፣ ተቀምጣለች።

"አቤት" አለ። "እኔ ነኝ።"

ዶክተሩ ከኮሪደሩ ማዶ በሩን ከፍተው ይጠብቃሉ። ሰብሪና ከእርምጃው ጋር መቁጠር ጀመረች።